ልጁን ከመቆጣት ዕቃውን ማንሳት

«ይህ ልጅ አላስቀምጥ አለኝ» የማይል ወላጅ የለም። ዳዴ ማለት የጀመረ ሕፃን ያገኘውን ይነካል፣ ይጎትታል፣ ወደ አፉ ይከታል። ዓለምን የሚያውቀው እንደዚያ ስለሆነ አያስወቅሰውም። ትኩስ ነገር እንደሚያቃጥል፣ በጠርሙስ ያለ ሁሉ እንደማይጠጣ የሚያውቀው ትልቁ ሰው ነው። ስለዚህ ቤትን ከአደጋ መጠበቅ የሚጀምረው ልጁን «ተው!» ከማለት ሳይሆን ዕቃውን ከቦታው ከማንሳት ነው። ቁጣ የሚሠራው ተቆጪው እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ የተቆለፈ ቁም ሳጥን ግን እናት ገበያ ስትሄድም እንደተቆለፈ ይቆያል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቃጠሎ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ። አብዛኞቹ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ሴቶችና ሕፃናት በብዛት የሚቃጠሉት ደግሞ እዚያው እቤታቸው፣ ምግብ በሚበስልበት ቦታ ነው።

ቡና የሚፈላበት ጥግ

ቡናችን የሚፈላው መሬት ላይ ነው። ከሰል ምድጃው፣ ጀበናውና ረከቦቱ ዳዴ ለሚል ልጅ እጅ በሚመች ከፍታ ላይ ናቸው። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ አዋቂ ሰው ፉት የሚለው ሻይ ሕፃንን ክፉኛ ሊልጠው ይችላል። መፍትሔው ቡናውን መተው አይደለም። ምድጃውን መተላለፊያ ላይ ሳይሆን ግድግዳ ጥግ ያድርጉት፤ የምታፈላው ሴት በምድጃውና በልጆቹ መካከል ትቀመጥ። ልጅ ታቅፎ ትኩስ ነገር መጠጣት ይቅር። በበዓል ቀን የተጎዘጎዘው ቄጠማ ሲደርቅ በፍንጣሪ ይያያዛልና በምድጃው ዙሪያ ያለውን ያንሱት። ማድ ቤት ውስጥም የድስቱንና የመጥበሻውን እጀታ ወደ ውስጥ ያዙሩ። ወደ ታች የተንጠለጠለ የጠረጴዛ ልብስ ካለ ልጁ ሲጎትተው ትኩሱ ሁሉ ራሱ ላይ ይወርዳል።

ቃጠሎ ከደረሰ ቦታውን ቶሎ ብለው በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ በረዶ ግን አያድርጉበት። የቀረው የሰውነቱ ክፍል እንዳይበርደው ሸፍነው ይያዙት። ያልተጣበቀ ልብስና ጌጥ እብጠት ሳይጀምር ያውልቁለት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ ወይም ማር መቀባት ሙቀቱን ቁስሉ ውስጥ ያምቃል፣ ለሐኪሙም ቁስሉን ለማየት እንቅፋት ይሆናል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ሕክምና ይውሰዱት። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከተነካ፣ ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ ወይም ውሃ ከቋጠረ «ነገ እናየዋለን» አይባልም። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምናው ይታወቃል።

ውሃ የሚመስለው በረኪና

በረኪናም ሆነ ላምባ በችርቻሮ ሲገዛ የሚቀዳው በተገኘው ዕቃ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ። ጠርሙሱ ገበታ ስር ወይም መጸዳጃ ቤት ጥግ ይቀመጣል። መልኩ ከውሃ ብዙም አይለይም፣ ክዳኑ በቀላሉ ይከፈታል፣ ትናንት ልጁ ውሃ የጠጣው ከዚሁ ዓይነት ጠርሙስ ነበር። ውሃ የጠማው ልጅ እንዴት ይለየዋል? የኬሚካል ዕቃ ከምግብና ከመጠጥ ዕቃ ፈጽሞ ይለይ፤ ከነምልክቱ፣ ልጅ በማይደርስበትና በሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። ለትኋን የተገዛ ፀረ ተባይ፣ የአይጥ መርዝና የአያት የደም ግፊት ክኒንም እንዲሁ። በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀልም መርዛማ ጋዝ ያስነሣል።

ልጅ በረኪና ወይም ላምባ ከጠጣ እንዲያስመልሰው ጣት አይክተቱበት፤ ወተትም አያጠጡት። በረኪና ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። ላምባ ደግሞ በጣም ቀጭን ስለሆነ ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ አብዛኛው ጉዳትም የሚመጣው ከዚያ ነው። አፉን አጥበው፣ የጠጣበትን ጠርሙስ ይዘው ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይድረሱ።

የፍም ከሰል

«ጭሱ ስለወጣ አሁን ምንም አያደርግም» ተብሎ የቀላ ፍም ወደ መኝታ ክፍል የሚገባባቸው የክረምት ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በሩ በተዘጋ የአራስ ክፍልም ይህ ይደረጋል። ገዳዩ ግን የሚታየው ጭስ ብቻ አይደለም። ከሰል ቀልቶ ጭስ ባቆመ ጊዜም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የመያያዝ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። በመጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ግን ይህንንም ሳያውቀው ያልፋል። ሕጉ አንድ ነው፦ ከሰል ሰው በሚተኛበት ክፍል አያድርም። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው በርና መስኮቱን ከፍተው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ።

ምጣድ፣ ሶኬትና ሲሊንደር

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። 3,500 ዋት የሆነውን በ220 ቮልት ብናካፍለው 16 አምፒር ገደማ ይመጣል። በዚያው ማከፋፈያ ላይ ማቀዝቀዣና ካውያ ሲጨመር ቀጭኑ ሽቦ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ምጣድ የራሱ ወፍራም መስመር ያስፈልገዋል። ብሬከሩ ደጋግሞ ከወረደ ብዙውን ጊዜ መስመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ነው፤ በትልቅ ብሬከር መቀየር ወይም ፊውዙን በሽቦ ማሰር ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት ይሆናል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ካውያውንና ምጣዱን ይንቀሉ። ተረስተው ቤቱ ተዘግቶ ከተወጣ፣ መብራቱ ሲመለስ ባዶ ቤት ውስጥ እሳት ይነሣል።

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከሸተተ መብራት አያብሩ፣ የበራውንም አያጥፉ፤ ሲሊንደሩን ዘግተው፣ በርና መስኮት ከፍተው ይውጡ። ቀዳዳ የሚፈለገው በክብሪት ሳይሆን በሳሙና አረፋ ነው። መጥበሻ ላይ የተያያዘ ዘይትም ውሃ ሲደፋበት ይፈነዳል፤ ምድጃውን አጥፍተው በክዳን ያፍኑት።

ውሃና ከፍታ

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ቤቱ በባልዲና በበርሜል ይሞላል። ገና የሚውተረተር ልጅ ጭንቅላቱ ስለሚከብድ ባልዲ ውስጥ በግንባሩ ከተደፋ ራሱን ማውጣት አይችልም፤ ለመስጠም ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ይበቃዋል። ክዳን ይኑረው፣ የማያስፈልገውም ይደፋ። በኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ ደግሞ ልጅ የሚወጣበትን ወንበር፣ ጀሪካንና የአበባ ማሰሮ ከመከታ ብረቱ ያርቁ፤ የብረቶቹ ክፍተት ከ10 ሴንቲሜትር አይብለጥ። አረጋውያን ላሉበት ቤት እርጥብ ወለል፣ የሚሸራተት ምንጣፍና ሌሊት የማይበራ መተላለፊያ ዋነኞቹ የመውደቂያ ምክንያቶች ናቸው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ዛሬ ማታ በልጅዎ ቁመት ልክ ተንበርክከው ቤቱን አንድ ጊዜ ይዙሩት። እጁ የሚደርስበትን ሁሉ ያያሉ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ቁጥሮቹን በርዎ ላይ ይለጥፉ፣ ለቤት ሠራተኛዋም ያስጠኑ። ሁሉን በአንድ ቀን ማስተካከል ባይቻል በረኪናውን ግን ዛሬውኑ ከሃይላንድ ጠርሙስ ያውጡት።