ሙልሙል ይዘን ወደ ጉና

የንፋስ መውጫን ስም ሰምቶ አገሩን ያላየ ሰው፣ ስሙ እንዲያው በዘፈቀደ የወጣ ይመስለው ይሆናል። ከወረታ ተነሥቶ፣ በደብረ ታቦርና በክምር ድንጋይ አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩትን ጐዳና ይዞ በነሐሴ የመጣ መንገደኛ ግን ከመኪናው ሲወርድ ነጠላውን ነፋስ ይቀማውና ነገሩን ሳይጠይቅ ይረዳዋል። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የላይ ጋይንት ከተማ ናት። በስተ ምዕራቧ የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ይታያል ማለታችን በበጋ ነው፤ በክረምትስ ጉና በቦታው መኖሩን በእምነት ከመቀበል በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ይህ ተራራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ነው። ዛሬ የሚያመነጨው ውሃ ነው። ርብና ጕማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በክረምት ደመናው ሲጫነው፣ በስንጥቁ ኹሉ ምንጭ ሲፈላ፣ በበጋ በእግር የምንሻገረው ትንሽ ጅረት በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንዝ ይሆናል።

ውድ አንባብያን፤ አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው በእግር ለመውጣት ሲያስቡ የሚመርጡት አደይ አበባ ያለበትን የመስከረምን ወይም የጥቅምትን ፀሐይ ነው። ምርጫቸውም ትክክል ነው። እኛ ግን ልንተርክላችሁ የፈለግነው በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ በጭጋግና በበረዶ መካከል፣ ቤተ ሰባችን በእግሩ ስለ ሄደበት አንድ ቀን ነው። ያን ቀን ያወጣን ሽርሽር አልነበረም፤ የሙልሙል ዕዳ ነው።

የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ረጅም ተራራ እንደ ወጣ፣ ፊቱ እንደ ፀሐይ እንደ በራ፣ ብሩህ ደመናም እንደ ጋረዳቸው ቅዱስ ማቴዎስ በወንጌሉ በምዕራፍ 17 ጽፏል። ስለ ሙልሙሉ ግን አባቶቻችን የሚተርኩት ሌላ ነገር አለ። በዚያ ዕለት በተራራው አካባቢ መንጋ ይጠብቁ የነበሩ ልጆች፣ ከብርሃኑ የተነሣ መምሸቱን ሳያውቁ በሜዳ ዘገዩ። ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። እንግዲህ በዚህ ትውፊት መሠረት ዳቦው ነው ወደ ልጁ የሚሄደው። በከተማ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይመጣሉ፤ አሁን አሁን ብዙዎቹ ብር ተቀብለው ይመለሳሉ። በገጠሩ ግን የክርስትና አባት ለክርስትና ልጁ በቡሄ ሙልሙል መስጠት ይገባዋል፤ ልማዱም ልጁ ትዳር እስኪይዝ ድረስ ይዘልቃል።

እኛም ከጉና ግርጌ ባለች አንዲት አጥቢያ ክርስትና ያነሣነው ልጅ አለን። በ2011 ዓ.ም. ዕድሜው 12 ዓመት ነበረ፤ ክረምቱን በግ ይጠብቃል፣ በበጋ ይማራል። በዚያ ዓመት የቡሄ ዋዜማ፣ ነሐሴ 12 ቀን፣ እሑድ ዋለ። እሑድ በመሆኑ ምግቡ የጾም ይሁን እንጂ የሰዓት ገደብ የለበትም፤ ከቅዳሴ በኋላ በመንገድ ላይ መብላት ይቻላል። ለእግረኛና ለሕፃናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ሙልሙሉ ተጋገረ፤ እሑድ ቅዳሴው ሲያበቃ የልጆቹ እናት፣ ሦስቱ ልጆቻችንና እኛ ተነሣን። ትልቋ 11፣ መካከለኛው 9፣ ታናሹ 6 ዓመታቸው ነበር።

ስለ ልብሱ ጥቂት እንናገር፤ የዚህ ጉዞ ዋና ጉዳይ እርሱ ነበርና። ጥላ አልያዝንም፤ በንፋስ መውጫ ጥላ መዘርጋት ጥላውን ለነፋሱ መስጠት ነው። ሙልሙሉን በጨርቅ ጠቅልለን፣ በላስቲክ ደግመን፣ በአቁማዳ ከተትነው። ለልጆቹ ከውጭ ላስቲክ፣ ከውስጥ ሹራብ አለበስናቸው። የልጆቹ እናት ደግሞ አንድ የሱፍ ባና አጣጥፋ በጀርባዋ አዘለች። መካከለኛው ልጃችን፣ “እማዬ፣ እኛ የምንሄደው ለቡሄ ነው ወይስ ለመኝታ?” ብሎ ሳቀ።

ከመኪናው ወርደን በእግር መሄድ ስንጀምር ዝናቡ ስስ ነበረ። የገብሱ ማሳ አረንጓዴ፣ መንገዱ ጭቃ፣ የልጆቹም የኮንጎ ጫማ በየእርምጃው ጭቃው ውስጥ ይቀር ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ጭጋጉ ወረደና ከፊት የሚሄደው ልጅ ለኋለኛው የማይታይ ሆነ። ወዲያው በረዶው መጣ። መብረቅ በሚጮኽበት ጊዜ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ መሆኑን በትምህርት ቤት ስናስተምር ኖረናልና፣ የምትታየውን አንዲት የግራር ዛፍ ትተን፣ በረባዳው ቦታ ባለ የድንጋይ የበግ በረት ጥግ ተጠጋን።

እዚያ በላን። ምግቡ በሶ ነው፤ ተቈልቶ የተፈጨ ገብስ፣ በጨውና በውሃ የታሸ፣ በመዳፍ የተጨበጠ ጭብጦ፤ በላዩም የባቄላ ቆሎ። ልጆቹ በቤት ሳሉ በሶ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። በዚያ በረት ጥግ ግን ጣታቸውን እየላሱ ጨረሱት። በጃፓን አገር ቤተ ሰቦች ወደ ተራራ ሲወጡ የሚይዙት ስንቅ ኦኒጊሪ ይባላል፤ የተቀቀለ ሩዝ በመዳፍ ተጨብጦ፣ በመካከሉ ኮምጣጣ ፍሬ ተደርጎ፣ በባሕር አረም ይጠቀለላል። ተማሪ ቤቶቻቸውም ኤንሶኩ የሚሉት የእግር ጉዞ አላቸው፤ ልጁ ምሳውን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። የጃፓን ገበሬ በቀድሞ ዘመን በዝናብ ጊዜ ይደርበው የነበረው ከገለባ የተሠራ ሚኖ የሚባል ልብስ ደግሞ የእኛ እረኛ ከሚደርበው ገሳ ጋር ወንድማማች ነው። ዝናብ በበዛበት ተራራ የሚኖር ሰው፣ ባሕር ቢለየውም፣ በመዳፉ የሚጨብጠውና በትከሻው የሚደርበው ይመሳሰላል።

ከበረቱ ተነሥተን ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሄድን ወደ ጅረቱ ደረስን። ሞልቷል። ውሃው ቡና የመሰለ፣ ድንጋይ የሚያንከባልል ሆኖ ድምፁ ያስፈራል። በማዶ ሦስት እረኞች ገሳ ለብሰው ቆመዋል፤ አንደኛው ጅራፍ የያዘው የክርስትና ልጃችን ነበረ። ሊቀበለን ወርዶ ኖሯል። ልጆቻችን ስሙን እየጠሩ ሲጮኹ እርሱ ጅራፉን አጮኸላቸው፤ ድምፅ ከውሃው በላይ የሚሰማው በጅራፍ ብቻ ነበርና።

እዚህ ላይ ለወላጆች ግልጽ አድርገን መናገር ይገባናል። በየክረምቱ በአገራችን ሰው የሚወስደው ብዙ ጊዜ ትልቁ ወንዝ አይደለም፤ የሚታወቀው፣ የሚናቀው፣ “ትናንት ተሻግሬዋለሁ” የሚባለው ጅረት ነው። እስከ ጕልበት የደረሰ የሚጋልብ ውሃ ጐልማሳን ይጥላል፤ ልጅንማ ምን ይለዋል? የተራራ ውሃ ግን ፈጥኖ እንደሚሞላ ፈጥኖ ይጐድላል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። በማዶ የመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን እያወዛወዙ፣ “ቆዩ! መምህር፣ ቆዩ! ይጐድላል!” አሉን። ቆየን። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ነፋሱ ግን አላባራም።

ፈተናው የመጣው በዚያ መቆም ላይ ነው። ሰው ሲሄድ ይሞቃል፤ ሲቆም ይበርደዋል። የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሕይወት ያሠጋል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ የረጠበ ልብስም ከደረቁ ይልቅ ሙቀትን እጅግ ፈጥኖ ይሰርቃል። ጥጥ ሲረጥብ ገላ ላይ ተጣብቆ ያቀዘቅዛል፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ጥቂት ሙቀት ይይዛል። በቆሎ ተማሪነታችን ጊዜ ደበሎ ለብሰን በዝናብ ስንለምን የነበረው ድህነት ብቻ ይመስለን ነበር፤ ጥበብም ነበረበት።

ታናሹ ልጃችን መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ጥርሱም ተፋጨ። ቆይቶ መንቀጥቀጡን ተወና ዝም አለ። “አባዬ፣ እንቅልፌ መጣ” አለ። ያላወቀ ሰው ልጁ ተሻለው ይል ይሆናል። የልጆቹ እናት ግን አልተሻለውም አለች፤ እጁንም ይዛ ጣቶቹን ብትጠይቀው ሊያጥፋቸው አልቻለም። ሳትዘገይ በሹራቡ ሥር የነበረውን የረጠበ የጥጥ ቀሚስና ሱሪውን አወለቀች፤ ባናውን ከላስቲኩ አውጥታ ራቁት ገላውን ከደረቷ ጋር አድርጋ ጠቀለለችው፤ እኛም በነፋሱ በኩል ቆመን ከለልናቸው። ትልቋ ልጃችን ከአቁማዳው አንድ ሙልሙል አወጣች። የክርስትና ልጃችን ድርሻ መሆኑን ታውቃለች፤ ወደ ማዶ ከፍ አድርጋ አሳየችው። እርሱም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ታናሹ እየቈረሰችለት በላ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ገና መንቀጥቀጥ ሲጀምር እናቱ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።

ጅረቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ጐደለ። አዛውንቱ ውሃው ከጠበበበት ሳይሆን ከሰፋበት፣ ዝቅ ብሎ በጠጠር ላይ ከሚፈስበት አሻገሩን። ጠባቡ መሻገሪያ ሁልጊዜ ጥልቁ ነው።

ቤቱ ሲደርሱ ምድጃው በኵበት ይነድ ነበር፤ በጉና አካባቢ እንጨት ብርቅ ነው። ሴት አያቱ ልጁን ተቀብለው፣ “እሳቱ ሥር አታድርጉት፤ ቀስ ይበል” አሉ። ጐረቤት አረቄ ያምጣ ቢል ከለከሉ። ልክ ነበሩ፤ አረቄ የሞቀ ያስመስላል እንጂ ሙቀትን ከገላ ያወጣል። ትኩስ ተልባ በማር አጠጡት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ደስታ ነው። የቀረበው ማዕድ የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ለታላላቆቹም ጠላ ነበር። ድንቹን በተለይ ማንሣት አለብን። ድንች ወደ አገራችን የገባው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1858 ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እጅ እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ የጋይንት ገበሬ የአምናው እህል ባለቀበትና የዘንድሮው ገብስ ባልደረሰበት በዚያ በጭንቁ ወር ከማሳው ቈፍሮ ቤተ ሰቡን የሚያበላው ድንች ነው። ሴት አያቱ ልጣጩን በጣታቸው እየላጡ ለልጆቹ ያጐርሱ ነበር፤ ልጆቹም ሲጠግቡ እንቢ ለማለት አፈሩ።

ማታ ችቦው በደጃፉ ክዳን ሥር ደርቆ ቆይቶ ነበርና በካፊያ ውስጥ ተለኰሰ። ሙልሙሉ ተሰጠ። የክርስትና ልጃችን ስንት እንደ ሆነ ቈጠረና፣ አንዱ ስለ ጐደለ፣ “የሚቀጥለው ዓመት ላይ ይጨመራል” ብሎ ፈረደ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዕለት እንደዚያ አልዋለም። ጦርነቱ ደርሶ ንፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን በትግራይ ታጣቂዎች እጅ ነበረች፤ በከተማይቱ ሴቶች ላይ የደረሰውንም ግፍ ዓለም ሰምቶታል። በዚያ ዓመት ሙልሙል ይዞ የወጣ ሰው ከቤታችን አልነበረም። እነዚያ በረት ጥግ በሶ የበሉ ልጆች ስለዚያች ሳምንት አሁንም ሲጠየቁ ወደ ሌላ ወሬ ይዞራሉ፤ ስለ ጅረቱ ግን ሳይጠየቁ ይተርካሉ።

የክርስትና ልጃችን ዛሬ ጐልማሳ ነው፤ ከእኛ በቁመት ይበልጣል። ሚስት ግን ገና አላገባም። የልጆቹ እናት ዱቄቱን ስትነፋ በየዓመቱ አንድ ሙልሙል ትጨምራለች፤ ያ የጐደለው አንዱ መከፈሉንና አለመከፈሉን በተመለከተ በእርሱና በታናሹ ልጃችን መካከል ያለው ክርክር እስከ አሁን አላለቀም።