ወረቀት በማኅደር

የዛሬው ንግግራችን ስለ ማኅደር ነው።

ማኅደር ምንድን ነው? ማደሪያ ማለት ነው። መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ መያዣ ነው። ከየካ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጡ ቄስ ዳዊታቸውን በማኅደር ከተው በትከሻቸው ያነግቱታል። ቆዳው ዝናብና አቧራ ይከለክላል።

በባሕር ማዶም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው ግላድስተን የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ የበጀት ጽሑፋቸውን የሚይዙት በቀይ ቆዳ በተለበጠ የእንጨት ሣጥን ነበር። ሣጥኑ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ገደማ ተሠራ። ከእሳቸው በኋላ የመጡ ብዙ ሚኒስትሮች እስከ 2010 ድረስ ይዘውታል።

ማኅደር ግን ወረቀቱን እንጂ ባለ ወረቀቱን አይጠብቅም። ባለ ወረቀቱን የሚጠብቀው ማንበብ ነው። በ1881 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ። 17ኛው አንቀጽ ግን በሁለቱ ቋንቋ አልገጠመም። አማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣልያ በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል። ጣልያንኛው ግን ያስገድዳል። ጠቡ በ1888 ዓ.ም. እስከ ዓድዋ ጦርነት አደረሰ።

እናንተስ፣ የቤታችሁን ካርታ፣ የግብር ደረሰኛችሁን፣ የኪራይ ውላችሁን የት ታስቀምጣላችሁ? ማኅደር ባይኖር ክዳን ያለው ሣጥን ይበቃል። እርጥበትና አይጥ ከማይደርስበት ቦታ አኑሩት።

አዲስ ወረቀት ሲመጣላችሁ ግን መጀመሪያ ቃል በቃል አንብቡት። ያልገባችሁን ጠይቁ። ሳታነቡ አትፈርሙ። ከዚያ ወደ ሣጥኑ ክተቱት።

ደኅና ሁኑ!