መቶ እጅ የሚስለው ፊት

አኒሜ የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ ክርክራቸው ብዙ ጊዜ ከታሪኩ አይጀምርም፤ ከመልክ ነው የሚጀምረው። አንዱ «ዓይናቸው ፊታቸውን ሊውጠው ምንም አልቀረው» ይላል፤ ሌላው ያ ዓይን ባይኖር ተከታታዩን ከነጭራሹ እንደማይከፍተው ይምላል። ሹል አገጭ የሚያስጠላው አለ፤ ሮዝ ፀጉር ሲያይ የሚያጠፋም አለ። «በመልክ አትፍረድ» የሚለው ምክር እዚህ ብዙም አይሠራም። የአኒሜ ሰው ከመልኩ በቀር ሌላ አካል የለውም፤ ድምፁ እንኳ ከሌላ ሰው የተዋሰው ነው።

ይህን የምንወደውን ወይም የምንጠላውን ፊት ግን አንድ ሰው ብቻ አልሳለውም። በጃፓን ስቱዲዮዎች ሥራው የሚጀምረው «ሴቴይ» ከሚባሉ ወረቀቶች ነው። የገጸ ባሕርይ ንድፍ አውጪው አንዱን ሰው ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ይስለዋል፤ ሲስቅ፣ ሲቆጣ፣ ሲደነግጥ ያሳየዋል፤ የኮሌታውን እጥፋትና የጫማውን ማሰሪያ ሳይቀር ያሰፍራል። ወረቀቱ ከዚያ ለሌሎች ሠዓልያን ይታደላል። ከፊሎቹ የእንቅስቃሴውን ዋና ዋና ነጥቦች ይስላሉ፤ ከፊሎቹ በመካከል የቀረውን ይሞላሉ። አንድ የቴሌቪዥን ክፍል በሺህ የሚቆጠሩ ሥዕሎች ይበላል። በዚህ ሁሉ እጅ ውስጥ ሲያልፍ ፊቱ እንዳይለወጥ የሚጠብቅ ኃላፊ አለ፤ የሥዕል ዳይሬክተር ይባላል። የሳተውን ሥዕል ያነሣል፤ ስስ ወረቀት ይደርብበታል፤ ዓይኑን ዝቅ፣ አገጩን ጠበብ አድርጎ እንደገና ይስለዋል።

ስለዚህ ጥሩ ንድፍ ሲባል ያማረ ሥዕል ብቻ ማለት አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሠዓሊ ሌሊት በችኮላ ሲስለውም ያው ሰው ሆኖ መውጣት አለበት። እንደ እኔ እምነት በአኒሜ ላይ ያለን ምርጫ ሥሩ እዚህ ነው። መልክ የምንመርጥ ይመስለናል፤ የምንመርጠው ግን ብዙ ሰዎች አንድን ፊት ሳይደክሙ እንዲስሉት የተገኘውን መላ ነው።

መላውን የወለደው እጥረት ነበር። የኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ» በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው 1963 በገባበት ዕለት ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ነበረበት፤ ገንዘቡም ጥቂት ነበር። የፊልም ክር በሴኮንድ 24 ምስሎች ያሳልፋል፤ የቴዙካ ሰዎች ግን አንዱን ሥዕል ለሦስት ምስል ያህል ያቆዩት ነበር፤ በሴኮንድ ስምንት ሥዕል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያንሳል። ሰውየው ሲናገር አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ገላው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ገላ ዝም ሲል ስሜቱን የሚሸከም አንድ ነገር መኖር አለበት፤ ዓይን ተገኘ። ቴዙካ ትልልቅ ዓይኖችን ከአሜሪካ የካርቱን ፊልሞች በልጅነቱ አይቷቸዋል። ያደገውም ሴቶች ብቻ በሚተውኑበት ቲያትር በታወቀችው በታካራዙካ ከተማ ነው፤ እዚያ የተዋናዮቹ ዓይን ከሩቅ እንዲታይ ተኩሎ ይጎላል።

ከእሱ ጎን ለጎን ሌላ ጅረት ነበር። በ1950ዎቹ ማኮቶ ታካሃሺ በልጃገረዶች መጽሔቶች ላይ ብሌናቸው ውስጥ ኮከብ የሚያበራ ሴቶችን ይስል ነበር። የሪዮኮ ኢኬዳ «የቬርሳይ ጽጌረዳ» በ1972 በማንጋ (በጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ)፣ በ1979 በአኒሜ ሲወጣ ያ ዓይን ጣራው ላይ ደረሰ። ለአኒሜው ሺንጎ አራኪና ሚቺ ሂሜኖ የሠሩት ንድፍ ዛሬም ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ሽፋሽፍቱ ይረዝማል፤ ፀጉሩ ነፋስ በሌለበት ይነፍሳል፤ እንባው ከመውረዱ በፊት ዓይኑ ላይ ይንቀጠቀጣል። ተጋነነ የሚሉትን እሰማለሁ፤ መጋነኑ ግን ዓላማ አለው። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ጻድቁ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ፊት ለፊት ሲመለከተን፣ ክፉው በጎን ተስሎ በአንድ ዓይን እንደሚቀር የሚያውቅ ሰው፣ ዓይን መልክ ብቻ ሳይሆን ፍርድም እንደሚሆን አስረዱኝ አይልም።

ፀጉርም የራሱ ምክንያት አለው። ፊት በጥቂት መስመር ሲሠራ ሰዎቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው የፀጉራቸው ቅርጽና ቀለም ነው። የ«ድራጎን ቦል» ደራሲ አኪራ ቶሪያማ ጀግናው ኃይሉ ሲጨምር ፀጉሩ ወርቃማ እንዲሆን ያደረገበት አንዱ ምክንያት፣ በጥቁርና ነጭ ማንጋ ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚቀር ረዳቱን ፀጉር ከማጥቆር ሥራ ስለሚገላግለው እንደነበር ተናግሯል። በዓለም ላይ ስንት ልጅ ያንን ፀጉር በደብተሩ ላይ ስሎ ይሆን!

ንድፍ ሲለወጥ ሰውየው ምን ያህል እንደሚለወጥ ለማየት ከኪዮቶ አኒሜሽን ሥራዎች የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። «ሳውንድ! ዩፎኒየም» የተባለው ተከታታይ በ2015 ሲጀምር የአንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ጓድ ተማሪዎችን የነደፈችው ሾኮ ኢኬዳ ናት። ዓይናቸው ብርሃን የሞላው፣ ጉንጫቸው ክብ፣ ፀጉራቸው የሚያብረቀርቅ ነው። በ2018 ዳይሬክተሯ ናኦኮ ያማዳ ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ሁለቱን፣ ኦቦ የምትነፋውን ሚዞሬንና ፍሉት የምትነፋውን ኖዞሚን፣ ወስዳ «ሊዝና ሰማያዊዋ ወፍ»ን ሠራች። ስቱዲዮው ያው ነው፤ ልጆቹም ያው ናቸው፤ ንድፉን ግን ፉቶሺ ኒሺያ እንደ አዲስ አወጣው። አንገት ረዘመ፤ እግር ቀጠነ፤ የዓይን ብልጭታ ቀነሰ። በተከታታዩ ላይ ሚዞሬ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። በፊልሙ ግን ዝምታዋ ሌላ ክብደት አለው፤ በእጇ ፀጉሯን ስትዳብስ ብቻ ያላለችው ሁሉ ይገባል። በኢኬዳ ንድፍ ይህ ትንሽ እንቅስቃሴ ከብልጭታው መካከል ይጠፋ ነበር። ያ ማለት የኢኬዳ ያንሳል ማለት አይደለም፤ ለሳምንታዊ ታሪክ፣ ለሳቅና ለውድድር የእሷ ልጆች ይሻላሉ። እኔ ግን ምረጥ ብባል የኒሺያን እወስዳለሁ። ሁለቱም ንድፍ አውጪዎች ሐምሌ 2019 ላይ በስቱዲዮው ላይ በተለኮሰው ቃጠሎ ከሞቱት 36 ሰዎች መካከል ናቸው።

አንዳንድ ጊዜ ንድፍ አውጪ ከልማዱ ሲወጣ ተመልካቹ ቅር ይለዋል። የኢሳኦ ታካሃታ «ትናንት ብቻ» በ1991 ሲወጣ የሆነው ይህ ነው። ታኤኮ የ27 ዓመት የቶኪዮ ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ለእረፍት ወደ ገጠር ስትሄድ የአሥር ዓመት ልጅነቷ ትዝ ይላታል። ታካሃታ የአዋቂዎቹን ንግግር አስቀድሞ አስቀረጸና ሥዕሉ የተናጋሪውን አፍና ጉንጭ እንዲከተል አደረገ። ዮሺፉሚ ኮንዶ የነደፋት ታኤኮ ስትስቅ ጉንጯ ይነሣል፤ ከአፍንጫዋ እስከ ከንፈሯ ጫፍ የሚወርደው መስመር ይታያል። አኒሜ በወጣት ሴት ፊት ላይ ያንን መስመር አይስልም፤ እርጅና ያስመስላላ። ብዙ ተመልካች «ታኤኮ አርባ ዓመት የሞላት ትመስላለች» ብሎ ያማርራል፤ እውነቱን ለመናገር በአንዳንድ ትዕይንት ላይ ልክ ነው። ያ መስመር ግን ፊልሙ ያለ ቃል የሚናገረው ነገር ነው። የልጅነቷ ትዕይንቶች ጠርዛቸው እየነጣ የሚጠፋ፣ ፊቱም ለስላሳና መስመር አልባ ነው። የአሁኗ ታኤኮ ግን ጡንቻና አጥንት አላት፤ ዕድሜ ነክቷታል። ሁለቱ ፊቶች ባይለያዩ ትዝታ ከኑሮ በምን ይለይ ነበር?

ማሞሩ ሆሶዳ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። በ«ጊዜን የዘለለችው ልጅ» (2006) ዮሺዩኪ ሳዳሞቶ በነደፋቸው ሰዎች ፊት ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ከአፍንጫ ሥር፣ ከአገጭ በታች የምናውቀው ጥቁር ንጣፍ ቀርቷል። ጥላ ሲቀር ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚወጣው ጉልበት ይቀንሳል፤ የተረፈው ለእንቅስቃሴ ይውላል። ልጅቷ ስትሮጥ፣ ስትወድቅ፣ ስትንከባለል ክብደቷ የሚታወቀው ለዚህ ነው። ማሳአኪ ዩዋሳ በ2014 «ፒንግ ፖንግ»ን ሲሠራ ከዚህም አልፎ ሄደ፤ የማንጋውን ደራሲ የታይዮ ማትሱሞቶን የተንሻፈፈና የሚንቀጠቀጥ መስመር ሳያቃና እንዳለ ወሰደው። በቆመ ምስል ሲታይ አስቀያሚ ነው፤ አልክድም። ኳሱ ሲመታ ግን ክንዱ ይለጠጣል፤ ፊቱ ይጣመማል፤ ያማረ ንድፍ ቢሆን ያንን ሁሉ ጉልበት መሸከም አይችልም ነበር። እኔ የዚህ ወገን ነኝ፤ መስመሩ ይነስ፣ ሰውየው ይንቀሳቀስ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ጉዳዩ ያለቀ መስሎ ነበር። ሞዴሉ አንዴ ከተሠራ ፊቱ በየእጁ አይለዋወጥም፤ አራሚም አያስፈልግም። ችግሩ ግን የአኒሜ ፊት መጀመሪያውኑ ቅርጽ አለመሆኑ ነው። የአስትሮን ሁለት የፀጉር ቀንዶች ተመልከቷቸው፤ ልጁ ወዴትም ቢዞር ሁለቱም ይታያሉ፣ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ከጭቃ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ካሜራው በዞረ ቁጥር ሞዴሉን ማጣመም፣ አፍንጫውን መግፋት፣ ጉንጩን መሳብ ግድ ሆነባቸው። ታኬሂኮ ኢኖዌ የራሱን ማንጋ «ስላም ደንክ»ን በ2022 ወደ ሲኒማ ሲያመጣው ዳይሬክተሩም እሱ ራሱ ነበር። ማስታወቂያው ሲወጣ የ1990ዎቹን በእጅ የተሳለ ተከታታይ የሚወዱ ብዙዎች አጉረመረሙ። ኢኖዌ ግን ከሞዴሎቹ የወጡትን ፊቶች የራሱ መስመር እስኪመስሉ ድረስ እያየና እየሳለባቸው አርሟቸዋል። የሥዕል ዳይሬክተሮች በስስ ወረቀት ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ነው፤ ይህኛውን ግን ማንጋውን የፈጠረው ሰው ራሱ ሠራው። ሜዳ ላይ ላቡ፣ ትንፋሹ፣ የጫማው መንሸራተት ሲታይ የድሮው ተከታታይ ያልነበረው ነገር አለ። የድሮው ሲቀልድ ግን አሁንም ይበልጠዋል።