የሚለቅ ገመድ፤ ግላይደር በዊንች ሲነሣ

ግላይደር የሚባለው ሞተር አልባ አውሮፕላን አንዴ አየር ላይ ከወጣ የሚፈልገው ጥቂት ነው። ምድር ያሞቀችው አየር ሽቅብ ሲወጣ ወይም ንፋስ ከተራራ ጋር ተላግቶ ሲነሣ አብሮ ይወጣል፤ ቀኑ ከቀናው ለሰዓታት ይቆያል። ፈተናው መነሣቱ ላይ ነው። በደቡብ ወሎ፣ በኩታበር አፋፎች ላይ የሚያርፍ ጥንብ አንሳ ከገደሉ ዘሎ ክንፉን ሲዘረጋ ንፋሱ ይቀበለዋል። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ይህንኑ ከኮረብታ ላይ እየሮጠ ደጋግሞ ሠራው፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ወድቆ ሞተ። ከእሱ በኋላ የመጡት ግላይደሩን በላስቲክ ገመድ እየወጠሩ ከተራራ አናት ያስፈነጥሩት ጀመር። ተራራ የሌለው የሜዳ ሰው ደግሞ ዊንች ሠራ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሜዳው አንድ ጫፍ ትልቅ ሞተር ይቆማል፤ ሞተሩ ድራም ያዞራል፤ ድራሙ ላይ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ገመድ ተጠምጥሟል። ገመዱ እስከ ሌላው ጫፍ ይሳብና ከግላይደሩ ሆድ ሥር ካለው መንጠቆ ጋር ይያያዛል። ሞተሩ ሲያጠነጥን ግላይደሩ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከመሬት ይላቀቃል፤ አፍንጫውን አቅንቶ ይወጣል፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የገመዱን ርዝመት ሲሶ ያህል ከፍታ ያገኛል። እዚያ ሲደርስ አብራሪው ገመዱን ይለቃል። ገመዱም ጫፉ ላይ በታሰረለት ትንሽ ፓራሹት ተይዞ፣ ዊንቹ እየጠቀለለው ይወርዳል።

ይህን ያየ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ገመዱ ቢበጠስስ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሙያውን የሚያውቁት ግን ከመበጠሱ ይበልጥ የሚፈሩት መለቀቅ ባለበት ሰዓት አለመለቀቁን ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው አንሥቶ እስከ ሰዎቹ ድረስ ሁሉም ነገር የተሰናዳው በማንኛውም ሰከንድ «በቃ» ማለት እንዲቻል ነው። እኔን የዚህ ሙያ አድናቂ ያደረገኝም ይኸው ነው።

ከመሣሪያው እንጀምር። በገመዱና በግላይደሩ መካከል ሆን ተብሎ እንዲበጠስ የተሠራ አጭር የብረት ማያያዣ አለ። ኃይሉ ከልክ ሲያልፍ ክንፉ ከሚጎዳ እሱ ይበጠሳል። በብዙ አገር የሚሠራበት የጀርመኑ ቶስት ኩባንያ ማያያዣ በቀለም ይለያል፤ ጥቁሩ 1,000 ዴካኒውተን፣ ማለትም የ1 ቶን ያህል ክብደት ይችላል፤ ሰማያዊው 600፣ ነጩ 500። የትኛው ግላይደር የትኛውን እንደሚይዝ በመመሪያው ተጽፏል። ሰማያዊው ጠፍቶ ጥቁሩ ቅርብ ስለተገኘ ብቻ ጥቁሩን የሚያስር ሰው የአውሮፕላኑን መከላከያ በእጁ አወለቀው ማለት ነው።

መንጠቆውም ዝም ብሎ መንጠቆ አይደለም። አብራሪው ገመዱን መልቀቅ ቢረሳና ግላይደሩ ዊንቹን አልፎ ሊሄድ ቢል፣ ገመዱ ወደ ኋላ ሲጎትት መንጠቆው ራሱ ይከፈታል። ይህም ካልሠራ የዊንቹ ኦፕሬተር አጠገብ ገመዱን ቆርጦ የሚጥል ስለት አለ። ኦፕሬተሩ ራሱ የሚቀመጠው በብረት መረብ ውስጥ ነው፤ ተወጥሮ የተበጠሰ የብረት ገመድ ተመልሶ ሲገርፍ ምሕረት የለውም። ዛሬ ብዙዎች ወደ ቀላሉ ሰው ሠራሽ ገመድ የዞሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚከብደው የሰው ድርሻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሰከንዶች እንይ። ግላይደሩ በአንድ ጎማ ላይ የቆመ፣ ረጅም ክንፍ ያለው ነው፤ ገና ፍጥነት ሳያገኝ አንዱ ክንፍ ካዘነበለ ጫፉ ሣር ይይዛል፣ ገመዱ ደግሞ መሳቡን አያቆምም። አውሮፕላኑ በክንፉ ጫፍ ላይ ዞሮ ለመገልበጥ ከዚያ በኋላ ጊዜ አይፈጅም። ስለዚህ አብራሪው ግራ እጁን ከቢጫው ማላቀቂያ እጀታ ላይ ሳያነሣ ይጀምራል፤ ክንፉን አግድም መያዝ እንዳቃተው ባወቀባት ቅጽበት፣ ክንፉ መሬት ሳይነካ፣ እጀታውን ይስባል። «ትንሽ ልሞክርና አቃናዋለሁ» ያለ ሰው ዘግይቷል። መቀመጫውና ቀበቶውም የዚሁ አካል ናቸው። የሚለሰልስ ትራስ ላይ የተቀመጠ አብራሪ ዊንቹ ሲስብ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ እጁም መሪውን ሳያስበው አብሮ ይጎትታል።

ቀጥሎ ያለው አደጋ ችኮላ ነው። ከመሬት እንደተላቀቀ አፍንጫውን በኃይል ያቀና ግላይደር ክንፉ ላይ ተጨማሪ ጭነት ይጭናል፤ ጭነቱ ሲጨምር ክንፉ አየሩን ይዞ ለመቆየት የሚያስፈልገው ፍጥነትም ይጨምራል። ፍጥነቱ ካልበቃ አንዱ ክንፍ አየሩን ይለቅና አውሮፕላኑ በጀርባው ይገለበጣል። የብሪታንያ ግላይዲንግ ማኅበር የዊንች አደጋዎችን መርምሮ በ2005 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዘመቻ ያስተማረው ይህን ነው፤ ከመሬት ከተላቀቁ በኋላ ሙሉው አወጣጥ ላይ እስኪደረስ ቢያንስ 5 ሰከንድ ይወሰድ።

ገመዱ መሐል ላይ ቢበጠስ ደግሞ አፍንጫውን ቶሎ ማውረድ፣ ከዚያም መጠበቅ ነው። የሚከብደው መጠበቁ ነው። አፍንጫው ዝቅ ስላለ ብቻ ፍጥነቱ አልተመለሰም፤ ፍጥነት መለኪያው የማረፊያውን ፍጥነት ሳያሳይ መዞርም፣ የአየር ፍሬን መክፈትም ክልክል ነው። አፍንጫው ሲወርድ ሰውነት ይቀልላል፣ ሆድ ባር ባር ይላል፤ ጀማሪው ይህን እንደ መውደቅ ቆጥሮ መሪውን ይበልጥ እንዳይገፋው መምህሩ አብሮት በረራ ላይ ሆኖ ገመዱን ሆን ብሎ እየለቀቀ ያለማምደዋል። ከፊት ሜዳ ካለ ቀጥ ብሎ ማረፍ ነው። ከየትኛው ከፍታ በላይ፣ ወዴት እንደሚዞር ውሳኔው መሬት ላይ፣ የዕለቱ ንፋስ ታይቶ ያልቃል።

ዊንቹና ግላይደሩ በ1 ኪሎ ሜትር ስለሚራራቁ መነጋገሪያው ሬዲዮ ወይም መብራት ነው። በብሪታንያ ቀስ ብሎ ብልጭ የሚለው «የላላውን ወጥር»፣ ፈጠን የሚለው «ሳብ»፣ ሳይጠፋ የሚበራው «አቁም» ነው። «አቁም» ማለት የአለቃ ብቻ ሥልጣን አይደለም። ክንፍ የያዘው ልጅም ሆነ ሊያይ የመጣ እንግዳ ሰማይ ላይ ሌላ አውሮፕላን፣ ሜዳው ላይ ጥጃ ካየ ይጮኻል፤ የሰማ ሁሉ ይቀበለዋል። «ማን አቁም አለህ?» ተብሎ የሚቆጣ ሰው ያለበት ሜዳ ላይ መብረር አይገባም።

ይህን ሁሉ ወደ ደቡብ ወሎ ደጋ ብናመጣው ሂሳቡ ይለወጣል። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ አራት አምስተኛ እንኳ አይሞላም። መለኪያው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ አውሮፕላኑ አየሩን የሚቀዝፈው በ113 ገደማ ነው፤ ድራሙ በዚያው ልክ ይፈጥናል፣ ማረፊያውም ይረዝማል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ እዚያው ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ዊንቹ የበለጠ መሥራት ሲገባው ያነሰ ይሠራል ማለት ነው። በባሕር ዳርቻ አገር የበቃ ሞተር ይዞ ወደ ኩታበር የሚመጣ ሰው ቱርቦ ያለው ወይም በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ዊንች ቢያስብ ይሻለዋል፤ ኤሌክትሪኩ በሳሳ አየር አይደክምም።

ሜዳውም ጉዳይ አለው። በደጋው የትም ቢሆን ለጥ ያለ መሬት ካለ የግጦሽ መሬት ነው፤ እግረኛ መንገድ ያቋርጠዋል፣ የገበያ ዕለት አህያ በላዩ ይነዳበታል። ሣር ውስጥ የተዘረጋ 1 ኪሎ ሜትር ገመድ ለሚያልፍ ሰው አይታይም፤ ሲንቀሳቀስ ግን እግር ይቆርጣል። የተለቀቀውም በጎን ንፋስ ተወስዶ ከሜዳው ውጪ፣ የመብራት ሽቦ ካለ በሽቦው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ሲቪል አቪዬሽን ከሚሰጠው ፈቃድ ጎን ለጎን ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከእረኞቹ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፤ መንገዱ የሚዘጋው በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሆነ ይወሰናል፣ በየመግቢያው ሰው ይቆማል። ከብት ጠባቂ ልጆች ከማንም ቀድመው ስለሚያዩ «አቁም» የሚለውን ምልክት መጀመሪያ መማር ያለባቸው እነሱ ናቸው።