ዲሹና ሣጥኑ በአንድ ቴሌቪዥን

ባለፈው መንፈቅ ዓመት በመዝናኛ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከጓደኞቻችን ከፊሎቹ፣ «ኢንተርኔት በየሰዉ ኪስ በገባበት በዛሬው ጊዜ በጣራ ላይ ዲሽ ተክሎ መቀመጥ ምን ይባላል? ዲሹንና ሪሲቨሩን ሸጠን ቲቪ ቦክስ እንግዛበት» አሉ። የኳስ ወዳጆች የሆኑት ደግሞ ዲሹን የሚነካ ሰው ካለ ከእርሱ ጋር ሻይ እንኳ አንጠጣም እስከ ማለት ደረሱ። በመጨረሻ ሁለቱም ይኑሩ ተባለና ገንዘብ ተዋጥቶ ሣጥኑ ተገዛ። ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ከመካከላችን አንዱ የሪሲቨሩን አዳፕተር በሣጥኑ ላይ ሰካው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን፤ የሁላችንም መዋጮ በዚያው ሄደ።

ጥፋቱ የዚያ ጓደኛችን ብቻ አልነበረም። በዚያን ምሽት በክፍሉ ከተቀመጥነው ተማሪዎች መካከል ሁለቱ ዕቃዎች በምን እንደሚለያዩ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም፤ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎችም እኮ ነበሩበት! ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው ስለዚህ ነው።

አስቀድመን ስለ ዲሹ እንናገር። ሳተላይቷ ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር፣ ከእኛ ዘንድ ሲታይ በአንድ ቦታ እንደ ተሰቀለች ትቈጠራለች። ዲሹን አንድ ጊዜ አነጣጥረን የምንተወው በዚህ ምክንያት ነው። የአገራችን ጣቢያዎች ቀድሞ በአብዛኛው የሚገኙት በናይልሳት አቅጣጫ፣ ማለት በ7 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኢትዮሳት በሚባለው መድረክ አማካይነት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደምትገኘው ኤን ኤስ ኤስ 12 ወደምትባል ሳተላይት እየተዛወሩ ሄዱ። በዚያን ጊዜ ዲሽ ሠሪዎች ከጣራ ጣራ ሲዘዋወሩ የከረሙት ይህንኑ አቅጣጫ ለመለወጥ ነበር።

ከባሕር ዳር ሆነን ስናሰላው፣ ኢትዮሳት በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከአድማስ 63 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ በኩል፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ፣ በ37 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ናት። ጣና በሰሜናችን ስለ ሆነ ወደ ሐይቁ ፊቱን ያዞረ ዲሽ ያየ ሰው ባለቤቱን ቢጠይቀው ደግ ያደርጋል። ሐይቁን ተሻግሮ በጎርጎራ የሚኖር ሰውም ዲሹን የሚያዞረው እንደ እኛው ነው፤ በዚህ ሁሉ ውኃ ምክንያት የሚመጣው ልዩነት አንድ ዲግሪ ገደማ ቢሆን ነው። ሁለቱን ሳተላይቶች ማየት የሚፈልግ ቤት ግን፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሰፊ ስለ ሆነ፣ ሁለት ዲሽ መትከልና ሁለቱን ገመዶች በአንድ ስዊች አገናኝቶ ወደ ሪሲቨሩ ማውረድ አለበት።

በዲሹ ፊት ለፊት የተሰቀለችው ኤል ኤን ቢ የዲሹ ዐይን ናት። ከሰማይ የሚመጣው ማዕበል ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ ይህን የመሰለ ማዕበል በተራ ገመድ ቢወርድ በመንገድ ስለሚደክም፣ ኤል ኤን ቢዋ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ወዳለው ዝቅ አድርጋ ታወርደዋለች። ለዚህ ሥራዋ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋታል። ኤሌክትሪኩንም የሚልክላት ሪሲቨሩ ነው፤ በዚያው ገመድ 13 ወይም 18 ቮልት ወደ ላይ ይሰድላታል። እንግዲህ ያ ጥቁር ወይም ነጭ ገመድ ሥዕል የሚያወርድ ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪክ የሚያወጣም ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ሪሲቨሩ እየሠራ ገመዱን የሚፈታና የሚያስር ሰው፣ ከውጭው ሽቦ አንዲት ክር እንኳ የመካከለኛውን ሽቦ ብትነካበት፣ ሪሲቨሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅሎ መሥራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሣጥኑ ግን ከሰማይ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ማሳያ የሌላት ትንሽ ኮምፒዩተር ናት፤ አብዛኛዎቹ የሚሠሩት በስልካችን ውስጥ ባለው በአንድሮይድ ነው። ዩቲዩብ ሲከፈት ሣጥኑ በዋይፋይ በኩል ጥያቄ ይልካል፤ ሥዕሉም ከሩቅ አገር ወይም ከቅርብ ማከማቻ ተነሥቶ ለዚያ ጠያቂ ብቻ ተቈራርሶ ይመጣል። የሁለቱ ዋና ልዩነት ያለው በዚህ ላይ ነው። የሳተላይት ሥርጭት እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ አንድ ሰው ቢሰማው ሺህ ሰው ቢሰማው የደዋዩ ድካም ያው ነው፤ ደዋዩም ማን እንደ ሰማው አያውቅም። ኢንተርኔት ደግሞ ወደ እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው እንደሚላክ መልእክተኛ ነው። ሺህ ሰው ከጠየቀ ሺህ መልእክተኛ ይነሣል፤ ለእያንዳንዱም ስንቅ ያስፈልገዋል።

ስንቁ ስንት እንደ ሆነ ማወቅ ለተማሪ ኪስ ይጠቅማል። ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት ራሱ ለደንበኞቹ እንደሚያስታውቀው፣ በመደበኛ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም በከፍተኛ ጥራት 6 ጊጋባይት ሊበላ ነው። ይህን በስልክ ጥቅል ለሚገዛ ሰው ዲሹ ከሚያወርደው ነፃ ሥዕል ጋር ማነጻጸር አያስቸግረውም።

ኳስንም በሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። ሥዕል ወደ ሳተላይት ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ ጣቢያው ለማዘጋጀት የሚወስደውን ብንጨምርበት እንኳ መዘግየቱ ጥቂት ሰከንድ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው የቀጥታ ሥርጭት ግን ብዙ ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል። በሣጥኑ ጨዋታ ስናይ፣ ተጫዋቹ ኳሱን ገና በመሐል ሜዳ ሳለ ከአጥሩ ውጭ ካለው ሻይ ቤት «ጎል!» የሚል ጩኸት ይሰማናል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሽ ደቂቃ መመልከት ምን ዓይነት ቅጣት እንደ ሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

አሁን ወደ ማገናኘቱ እንግባ። ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ዲሹና ሣጥኑ እርስ በርሳቸው መገናኘት አለባቸው ብሎ ማሰብ ነው። አይገናኙም። የሚገናኙት በቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ ነው። የዲሹን ገመድ በሣጥኑ ላይ የሚሰካበት ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው አያገኝም፤ የሳተላይት መቀበያ ጭምር በውስጣቸው ያለባቸው ሣጥኖች መኖራቸው እውነት ቢሆንም በገበያችን የሚበዙት እነርሱ አይደሉም። እንደዚሁም የሣጥኑን ኤችዲኤምአይ ገመድ ወስዶ በሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካ አለ። ሁለቱም የሚያወጡ እንጂ የሚቀበሉ ቀዳዳዎች አይደሉም፤ ሁለት አፍ ፊት ለፊት ገጥመው ጆሮ እንደ ጠፋ ማለት ነው። ምንም አይቃጠልም፤ ምንም አይታይምም።

ቴሌቪዥኑ ሁለት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው ነገሩ ቀላል ነው። ሪሲቨሩን በአንደኛው፣ ሣጥኑን በሁለተኛው ሰክቶ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ ሶርስ ወይም ኢንፑት የሚለውን እየተጫኑ መለዋወጥ ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው ግን ሣጥኑን ለኤችዲኤምአዩ ለቅቀን ሪሲቨሩን ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው የኤቪ ገመድ እንድናገናኘው እንመክራለን፤ የኤቪ ሥዕል ጥራቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሪሲቨሮቻችን ብዙዎቹ ይህ መውጫ አላቸው። ጥራቱ ቅር የሚያሰኘው ሰው ሁለቱን የሚያፈራርቅ የኤችዲኤምአይ ስዊች ይግዛ። ኤችዲኤምአይ ጨርሶ የሌለው የድሮው ባለ ጀርባ ቴሌቪዥን ላላቸው ቤተሰቦቻችን ደግሞ ኤችዲኤምአይን ወደ ኤቪ የሚለውጥ ዕቃ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ኤቪን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጠውም በመልኩ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ በሌላው ፈንታ አይሠራም። በጀርባው የተጻፈውን ሳያነቡ ገዝተው የተመለሱ ሰዎች እናውቃለን፤ ከእነርሱም ሁለቱ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ናቸው።

ወደ አዳፕተሩ ጉዳይ እንመለስ። ብዙዎቹ ትንንሽ ሪሲቨሮች የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ ሣጥኖቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ5 ቮልት። ክፋቱ የሁለቱ ጫፍ ክብነቱም ውፍረቱም አንድ መሆኑ ነው። 5 ቮልቱን በሪሲቨሩ ላይ ቢሰኩት ሪሲቨሩ ዝም ይላል እንጂ አይጐዳም፤ 12ቱን በሣጥኑ ላይ መሰካት ግን እኛን ያገኘን ነገር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉንም ነቅሎ በጨለማ መልሶ መሰካት ልማዳችን ስለ ሆነ፣ ስሕተቱ የሚደርሰው በዚያች ሰዓት ነው። አንድ ማከፋፈያ ገዝቶ ሁለቱንም በእርሱ ላይ ሰክቶ መተው፣ መብራት ሲጠፋም ማከፋፈያውን ብቻ መንቀል ይሻላል።

ስለ ኢንተርኔቱ፦ የተማሪ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ስላለው ሣጥኑ ከዚያ ላይ ሊቆም ይችላል፤ አንዳንዱ ሣጥን ገጹን የሚከፍትበት መንገድ የለውምና። በዚህ ጊዜ የስልክ ሆትስፖት ይረዳል። ነገር ግን ሣጥኑ ሳንጠይቀው ራሱን የሚያድስበትን ማዘዣ አስቀድሞ መዝጋት፣ የዩቲዩብንም ጥራት ወደ 480 ማውረድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሳምንቱ ጥቅል በአንድ ማታ ያልቃል። ዩኤስቢ የዋይፋይ መቀበያ ተሰክቶላቸው ዩቲዩብ የሚከፍቱ ሪሲቨሮችም አሉ፤ ዝግተኞች ቢሆኑም ገንዘብ ላጠረው ሰው ሣጥን ሳይገዛ ይህን መሞከር ይቻላል።

ሌላው ርካሽ ሣጥን ሲገዛ የሚያሠጋው ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ቲ95 የሚባለው የታወቀ ርካሽ ሣጥን ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ተንኮለኛ ፕሮግራም ተጭኖበት ተገኘ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባድቦክስ 2.0 ስለሚባል፣ እንደነዚህ ያሉትን ሣጥኖች ባለቤቱ ሳያውቅ ለወንጀል መጠቀሚያ ስለሚያደርግ መረብ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ስለዚህ የባንክ ወይም የቴሌብር ጉዳይ በተያያዘበት የኢሜይል አድራሻ ሣጥኑን መክፈት አይገባም። ለሣጥኑ ብቻ የሚሆን አዲስ አድራሻ ማውጣት ነፃ ነው።

ዲሹን እንሽጥ ላሉት ጓደኞቻችን የምንሰጠው መልስ ቀርቶናል። ዲሽ ጉድለት የለበትም አንልም። በሐምሌና በነሐሴ ከጣና ላይ ያ ጥቁር ደመና ሲነሣ ሥዕሉ ይቈራረጣል፤ ማዕበሉ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለ ሆነ ጠንካራ የዝናብ ጠብታ ይውጠዋል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ይመለሳል። የኢንተርኔት መጥፋት እንደዚህ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ማንኛችንም አንረሳውም። በዚያ ጊዜ በስልክ ኢንተርኔት ይሠራ የነበረ ሣጥን ሁሉ የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ከረመ፤ ዲሽ የነበረው ቤት ግን ቢያንስ ዜና ይሰማ ነበር፤ ሌሎች አገሮች የሚሉትንም በናይልሳት በኩል ያይ ነበር። በሌላ ወገን ዲሹ ጣቢያው የሰጠንን እንጂ እኛ የጠየቅነውን አያመጣም። ለፈተና ስንዘጋጅ የካልኩለስ ትምህርት ከዲሽ ብንጠብቅ ዓመቱ ያልቃል። ሣጥኑ ባለበትና ኢንተርኔት በተገኘበት ጊዜ ግን ያ ትምህርት ለሃያ ተማሪ በአንድ ትልቅ ማሳያ ላይ ይታያል፤ ሃያ ስልክ ሃያ ጊዜ ከሚያወርደው አንድ ሣጥን አንድ ጊዜ ቢያወርደው የሚተርፈውን ጥቅል አስሉት።

ሁለተኛው ሣጥን በዚህ ወር ተገዝቷል። በ12 ቮልቱ አዳፕተር ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፤ በሪሲቨሩም ጀርባ ላይ እንደዚሁ ቀይ ክር አለ። ክሩን ያሰረው የመጀመሪያውን ያቃጠለው ጓደኛችን ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ከእርሱ በቀር ማንም እንዳይነካው ተወስኗል።