ከመነካካት በፊት መለካት፦ የዘገየ ሰርቨር እንዴት ይፈጥናል?

የፈተና ውጤት ይፋ በሆነበት ዕለት ወይም የምዝገባ ቀን ሊያበቃ ሰዓታት ሲቀሩ አንድ ድረ ገጽ አልከፈት ሲል ለተጠቃሚው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ሲስተሙ ተጨናንቋል፣ ቆይተው ይሞክሩ።» በባለቤቶቹ በኩል የሚወሰደው እርምጃም የታወቀ ነው። መጀመሪያ ሰርቨሩ ጠፍቶ ይበራል። ካልሆነ ከኢንተርኔት የተገኘ የማስተካከያ ቁጥር ተገልብጦ ይገባል። እሱም ካልሠራ ተለቅ ያለ ሰርቨር ይከራያል። ሦስቱም እርምጃዎች የሚወሰዱት ጊዜው የት እንደሚባክን ሳይታወቅ ነው፤ ጉድለታቸውም እዚህ ላይ ነው። የዘገየን ሰርቨር የሚያድነው መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ከዚያም እንደገና መለካት ነው። ይህ አሠራር ለትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ የሚገባ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እንዲያውም ይበልጥ የሚጠቅመው ገንዘብም ባለሙያም ያጠረውን ድርጅት ነው።

ለዚህ አንድ ገጽ እንዴት እንደሚደርሰን ማወቅ ያስፈልጋል። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩት በሦስት ሶፍትዌሮች ቅንጅት ሲሆን፣ የሦስቱም የመጀመሪያ እትም የ1995 እ.ኤ.አ. ነው። አፓቼ ከስልካችን ወይም ከኮምፒውተራችን የሚመጣውን ጥያቄ ይቀበላል። ራስሙስ ሌርዶርፍ የጀመረው ፒኤችፒ በገጹ ውስጥ የተጻፈውን ትዕዛዝ ይፈጽማል፤ የገባው ማን እንደሆነ ይለያል፣ ምን እንደሚታይ ይወስናል። ሚካኤል ዊደኒየስና ባልደረቦቹ የሠሩት ማይኤስኪውኤል ደግሞ መረጃውን አስቀምጦ ሲጠየቅ ያወጣል። መንገዱ ራሱም ጊዜ ይፈጃል። ብርሃን በፋይበር ኬብል ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰርቨሩ ለምሳሌ ዋሽንግተን ቢሆን፣ ከአዲስ አበባ እስከዚያ በቀጥታ ሲለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ከ115 ሚሊ ሰከንድ ሊያንስ አይችልም፤ ግንኙነቱን ለመመሥረት ብቻ እንኳ ደርሶ መልሱ ይደጋገማል። ስለዚህ «ድረ ገጹ ዘገየ» የሚለው አቤቱታ ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮችን ሊገልጽ ይችላል። መዘግየቱ በመንገዱ ከሆነ ሰርቨሩን መነካካት አይረዳም፤ የሚረዳው ገጹን ለአንባቢው ወደሚቀርብ ቦታ ማምጣት ነው።

ሰርቨሩ ስለ ራሱ ብዙ ይናገራል። የስህተት ቁጥር 503 «አሁን ማስተናገድ አልችልም» ማለት ሲሆን፣ 500 ደግሞ በአብዛኛው ኮዱ በመሃል መሰናከሉን ያመለክታል። ዝርዝሩ ሎግ በሚባለው መዝገብ ውስጥ ከነሰዓቱ፣ ብዙ ጊዜም ከነፋይሉና ከነመስመር ቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል። ችግሩ ብዙ ድረ ገጾች ይህን መዝገብ ዘግተው መሥራታቸው ነው። ስህተትን ለጎብኚ አለማሳየት ተገቢ ነው፤ ለሰርጎ ገብ ፍንጭ ይሰጣልና። ነገር ግን ከጎብኚው የተደበቀው ስህተት በሎግም ካልተመዘገበ ለባለሙያው የሚቀረው ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ሎግ የሌለው ሰርቨር በግምት ከመታከም በቀር ዕድል የለውም።

ግምት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የአማርኛ ድረ ገጾች የሚያውቁት አንድ ብልሽት ያሳያል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ማይኤስኪውኤል ግን እስከ 8.0 እትም ድረስ በግልጽ ካልታዘዘ በቀር የሚጠቀመው ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጀውን ላቲን-1 ነበር። በዚህ የተነሳ የአማርኛ ጽሑፍ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ይህ አንድ ምልክት ሁለት ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላሉ። ፊደሉ ሲቀመጥ ተተክቶ ከሆነ ጽሑፉ ጠፍቷል፤ ከባክአፕ ካልሆነ አይመለስም። ሲነበብ ተተክቶ ከሆነ ግን ጽሑፉ በደህና ተቀምጧል፤ የሚስተካከለው ፒኤችፒ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት አሠራር ነው። ሁለቱን የሚለየው ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጡትን ባይቶች ማየት ነው። ይህን ሳያደርግ ተቻኩሎ ጽሑፉ የተቀመጠበትን ሠንጠረዥ የሚቀይር ሰው በደህና የነበረውን ጽሑፍ በገዛ እጁ ሊያጠፋ ይችላል።

በፍጥነት ጉዳይም ልኬት ብዙ ጊዜ ከግምት በተቃራኒው ይመራል። 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ሰርቨር እንውሰድ። አፓቼና ፒኤችፒ በአንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ባለ አንድ የፕሮግራም ቅጂ) ተጣምረው በሚሠሩበት በቆየው አሠራር እያንዳንዱ በመስተናገድ ላይ ያለ ጥያቄ አንድ ፕሮሰስ ይይዛል፤ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ብዛት ካልተነካ 256 ነው። አንዱ ፕሮሰስ 40 ሜጋባይት ቢወስድ ሁሉም ሲሞሉ 10,240 ሜጋባይት ይጠይቃሉ፤ ያለው ግን 4,096 ብቻ ነው። ሰርቨሩ የጎደለውን ከዲስክ ይበደራል። ዲስክ ከሜሞሪ እጅግ የዘገየ ስለሆነ ጥያቄዎቹ ይጓተታሉ፣ በተጓተቱ ቁጥር ይከማቻሉ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር ይቆማል። ለዳታቤዙና ለሲስተሙ 1,500 ሜጋባይት ብንተው የሚቀረው ለ60 ያህል ፕሮሰሶች ይበቃል። 61ኛው ጎብኚ ለአፍታ ወረፋ ይጠብቃል እንጂ ሰርቨሩ አይወድቅም። ልብ እንበል፤ ገደቡ ሲሞላ አፓቼ ራሱ በሎጉ ላይ ቁጥሩን ከፍ ማድረግን እንዲያስቡበት ይጽፋል። ሜሞሪውን ሳይለካ ይህን ምክር የሚከተል ሰው ሰርቨሩን ይጥለዋል።

ታዲያ 60 ፕሮሰስ ለብዙ ሕዝብ እንዴት ይበቃል? መልሱ ጆን ሊትል የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በ1961 እ.ኤ.አ. በሂሳብ ያረጋገጡት የወረፋ ሕግ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ የሚስተናገዱት ብዛት በሰከንድ ከሚመጡት ጥያቄዎችና እያንዳንዱ ከሚፈጀው ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። አንድ ገጽ ለመዘጋጀት 3 ሰከንድ ከፈጀ 60 ፕሮሰሶች በሰከንድ 20 ጥያቄ ብቻ ያስተናግዳሉ። ያው ገጽ በ0.2 ሰከንድ ከተዘጋጀ ያው ሰርቨር 300 ያስተናግዳል። የአንዱን ገጽ ጊዜ ማሳጠር አሥራ አምስት ሰርቨሮችን የመግዛት ያህል ዋጋ አለው ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ያ 3 ሰከንድ የት እንደሚሄድ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሄደው ዳታቤዙ ጋ ነው። ማይኤስኪውኤል የዘገዩ ጥያቄዎችን ለብቻ የሚመዘግብበት ሎግ አለው፤ ነገር ግን ሲጫን ዝግ ነው፣ ቢከፈትም ካልተነካ የሚመዘግበው ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ብቻ ነው። ወደ 1 ሰከንድ ዝቅ ሲደረግ ጥፋተኞቹ ይወጣሉ። ቀጥሎ ኤክስፕሌይን የሚባለው ትዕዛዝ ዳታቤዙ መረጃውን በምን መንገድ እንደሚፈልግ ያሳያል። አንድ ሚሊዮን ተማሪዎች ባሉበት ሠንጠረዥ ውስጥ በመለያ ቁጥር የሚፈለግ አንድ ውጤት ኢንዴክስ የሚባለው ማውጫ ከሌለው ሚሊዮኑ ሁሉ ይነበባል፤ መጽሐፍን ከዳር እስከ ዳር ገልጦ አንድ ስም እንደ መፈለግ ነው። ኢንዴክስ ካለ በሦስት ወይም በአራት እርከን ይደረስበታል። ይህ ማለት ግን በየዓምዱ ኢንዴክስ ይሠራ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ኢንዴክስ ቦታ ይይዛል፣ አዲስ መረጃ ሲገባም መጻፉን ያዘገያል። ሎጉ የማይይዘው ጥፋትም አለ። 50 ዜናዎችን የሚዘረዝር ገጽ የየጸሐፊውን ስም ለየብቻ ከጠየቀ 51 ጊዜ ወደ ዳታቤዙ ይመላለሳል። ዳታቤዙ 20 ሚሊ ሰከንድ በሚርቅ ሌላ ቦታ ካለ መመላለሱ ብቻ ከ1 ሰከንድ በላይ ይሆናል፤ አንዱም ጥያቄ ግን ለብቻው የዘገየ አይባልም። ስለዚህ የጥያቄዎቹ ርዝመት ብቻ ሳይሆን ብዛታቸውም መቆጠር አለበት።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሳል። የባለሙያ ጊዜ ውድ፣ ማሽን ግን ርካሽ ስለሆነ ትልቅ ሰርቨር መከራየት ይሻላል የሚሉ አሉ። ደመወዝ ከፍተኛ በሆነባቸው አገሮች ክርክሩ ሚዛን ይደፋል። ከውጭ የሚከራይ ሰርቨር በየወሩ የውጭ ምንዛሪ በሚጠይቅበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ግን ስሌቱ ይለወጣል። ከዚያም በላይ ሠንጠረዡን በሙሉ የሚያነብ ጥያቄ መረጃው እጥፍ ሲሆን ጊዜውም እጥፍ ይሆናል፤ ዛሬ የተገዛው ትልቅ ሰርቨር ነገ ያንሳል። ያልተለካ ማሽን ደግሞ ሥራ ሊፈታ ይችላል። ኢኖዲቢ የሚባለው የማይኤስኪውኤል ዋና ማከማቻ መረጃን ለማቆያ የሚይዘው ሜሞሪ ካልተነካ 128 ሜጋባይት ነው። 16 ጊጋባይት ያለው ሰርቨር ተከራይቶ ይህን ሳያስተካክል የሚሠራ ድርጅት ለማይጠቀምበት ሜሞሪ ይከፍላል።

ገንዘብ ልኬትን እንደማይተካ በግልጽ ያሳየው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ ነው። ሶፍትዌሮቹ ከላይ ከጠቀስናቸው የተለዩ ቢሆኑም ችግሩ ያው ነበር። ድረ ገጹ ጥቅምት 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ምዝገባ የጨረሱት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከጎግል የመጡትን ማይኪ ዲከርሰንን ጨምሮ ችግሩን እንዲፈታ የተጠራው የነፍስ አድን ቡድን ሲደርስ የድረ ገጹን ሁኔታ በአንድ ቦታ የሚያሳይ መለኪያ አልነበረም፤ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱም ይህን መለኪያ መዘርጋት ሆነ። በታኅሣሥ መባቻ መንግሥት ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ400 በላይ ማስተካከያዎች ተደርገው የምላሽ ጊዜው ከ8 ሰከንድ ከ1 ሰከንድ በታች፣ የስህተት መጠኑም ከ6 በመቶ ከ1 በመቶ በታች ወርዷል። ሃርድዌርም ተጨምሯል። ማሽን መጨመር ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ የት እንደሚያስፈልግ ሳይታወቅ መጨመሩ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ አዋቂዎች የጻፉት የተፈተነ ማስተካከያ እያለ ለምን እንደክማለን የሚል ነው። ማስተካከያው ግን የተጻፈው ለሌላ ማሽን፣ ለሌላ መረጃ፣ ብዙ ጊዜም ለሌላ ዘመን ነው። ለምሳሌ የጥያቄን መልስ ይዞ ያው ጥያቄ ሲደገም የሚሰጠው የማይኤስኪውኤል የጥያቄ ማቆያ ለረጅም ጊዜ በየመመሪያው ሲመከር የኖረ ነው። ብዙ ፕሮሰሰር ባላቸው ማሽኖች ላይ ግን ሁሉም ጥያቄ አንድ ቁልፍ የሚጠብቅበት ማነቆ ሆነና በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው 8.0 እትም ጨርሶ ተወገደ። ያንን የድሮ መስመር ዛሬ ገልብጦ የሚያስገባ ሰው ዳታቤዙ መነሳት እንኳ እምቢ ሲለው ያያል።

ሦስተኛው ተቃውሞ በአስቸኳይ ሰዓት ለመለካት ጊዜ የለም የሚል ነው። እውነት አለው፤ ሕዝብ እየጠበቀ ምርምር አይጀመርም። ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት አንዳንዴ ግድ ይሆናል። ነገር ግን ከማጥፋት በፊት በዚያች ቅጽበት የሚሠሩትን የዳታቤዝ ጥያቄዎች ዝርዝርና የሜሞሪውን ሁኔታ ገልብጦ ማስቀመጥ የሚፈጀው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው። ይህ ካልተደረገ ማስረጃው ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ችግሩም በሚቀጥለው የውጤት ቀን ይመለሳል። ሎጎቹ የሚከፈቱት፣ የሰላሙ ቀን ልኬት የሚመዘገበው፣ ሰው ሠራሽ ጎብኚዎችን ልኮ ሰርቨሩ እስከ ስንት እንደሚችል የሚፈተነውም ከግርግሩ በፊት ነው። የሰላሙን ቀን ቁጥር የማያውቅ የመከራውን ቀን ቁጥር ሊያነብ አይችልም።

ስለዚህ የድረ ገጽ ባለቤት የሆነ ድርጅት፣ ሥራ አስኪያጁ ፕሮግራም መጻፍ ባይችልም፣ ባለሙያዎቹን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። ጊዜው የባከነው የት ነው? ይህን በምን ልኬት አወቃችሁ? ከለወጣችሁ በኋላስ ቁጥሩ ስንት ሆነ? ለእነዚህ መልስ ሳያቀርብ አዲስ ሰርቨር ይገዛልኝ የሚል ጥያቄ ወደ ጠየቀው ክፍል መመለስ አለበት። የሕዝብ አገልግሎት ወደ ኢንተርኔት በገባ ቁጥር የሰርቨር መዘግየት የዜጎች ጊዜ መባከን ነው፤ ያንን ጊዜ የሚያድኑት መሣሪያዎች ደግሞ አብዛኞቹ በነጻ የሚገኙ፣ እዚያው ሰርቨሩ ላይ የተጫኑና ከፍቶ የሚያያቸው ሰው ብቻ የሚፈልጉ ናቸው።