ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሚወጣ ጠርሙስ

በፊላዴልፊያ፣ በባልቲሞር ወይም በሴንት ሉዊስ አሮጌ ሰፈር ቤት ያለው ሰው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳክቶ ጫማቸው ጭቃ የጠገበ ሁለት ጎልማሶች «ጓሮዎን ብንቆፍር ይፈቅዱልናል?» ብለው ቢጠይቁት ግራ መጋባቱ አይቀርም። ሰዎቹ ወርቅ ፈላጊ አይደሉም፤ ቧንቧ ጠጋኝም አይደሉም። የሚፈልጉት ቤቱ በተሠራበት ዘመን ጓሮው ውስጥ የነበረውን ሽንት ቤት ነው። በትክክል ለመናገር ጉድጓዱን ነው የሚፈልጉት። የላዩ ዳስ ከፈረሰ፣ ጉድጓዱም ከተደፈነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ላዩ ላይ ሣር በቅሏል፣ ወይም ሲሚንቶ ፈስሶበታል። ታች ግን ጠርሙስ አለ፤ አንዳንዴ በመቶ የሚቆጠር።

ጠርሙስ ሽንት ቤት ምን ወሰደው? ለእኛ ሰው ነገሩ የበለጠ ይገርማል። አዲስ አበባ ውስጥ ባዶ ጠርሙስ ዘይት ይቀዳበታል፣ አረቄ ይሞላበታል፣ እሱም ካልሆነ ቁራሌው ይገዛዋል እንጂ ማን ይጥለዋል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካም ጠርሙስ መላልሶ የሚሞላ ነጋዴ ነበር፤ ሶዳና ቢራ ሻጮች ዕቃቸው እንዲመለስላቸው «ይህ ጠርሙስ አይሸጥም» የሚል ጽሑፍ መስታወቱ ላይ ያስወጡ ነበር። ነገር ግን ቆሻሻ እየዞረ የሚሰበስብ ጋሪ ብዙው ሰፈር አይደርስም። የተሰበረ ሳህን፣ የምድጃ አመድ፣ አጥንት፣ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ የት ይድረስ? ጥልቅ ጉድጓድ ጓሮ ውስጥ አፉን ከፍቶ እያለ መልሱ ቀላል ነው። ሌላው ምክንያት ገመና ነው። በዚያ ዘመን በታጨቀ ቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚሆንበት ቦታ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ተደብቆ የጠጣ ሰው ማስረጃውን የት እንደሚጥለው መገመት አያስቸግርም፤ ውድ ሳህን ሰብሮ የደነገጠም እንደዚሁ።

የጉድጓዱ አሠራር እንደየከተማው ነው። ፊላዴልፊያ የጡብ ከተማ ናትና ጉድጓዶቿም ክብ ሆነው በጡብ የተገነቡ ናቸው፤ ከ5 ሜትር በላይ የሚወርዱት ብዙ ናቸው። ኒው ዮርክ ላይ በድንጋይ የተካበ ይገኛል። ኒው ኦርሊንስ ላይ ውሃው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ስለሆነ ጠልቆ መቆፈር አይሞከርም፤ እዚያ የሳንቃ ሣጥን ወይም ቂጡ የወለቀ በርሜል መሬት ውስጥ ይቀበር ነበር። ጉድጓዱ ሲሞላ ጠራጊዎች በሌሊት መጥተው በባልዲ እያወጡ በጋሪ ጭነው ይወስዱታል፤ ለከተማው ዙሪያ ገበሬዎችም ለማዳበሪያ ይሸጡታል። ለዛሬው ቆፋሪ የእነዚህ ሰዎች ትጋት መርዶ ነው። በደንብ ከተጠረገ ጉድጓድ የመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት ዕቃ አብሮ ሄዷል። ሰነፍ ጠራጊ ግን ዳርና ዳሩን፣ የሥሩንም ዝቃጭ ትቶ ይሄዳል። ቆፋሪዎች የሚመርቁት ሰነፉን ነው።

ከዚያ ቧንቧ መጣ። በ1793 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቢጫ ወባ ከፊላዴልፊያ ነዋሪዎች 5,000 ገደማውን ጨርሷል፤ ከተማዋ ደንግጣ በ1801 ውሃ ማከፋፈል ጀመረች። የሚገባውን ውሃ ማምጣት ግን የሚወጣውን ፍሳሽ ከመሸኘት ቀላል ነበር። በአሜሪካ ከተሞች የፍሳሽ መስመር በሰፊው የተዘረጋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መግቢያ ላይ ነው። አንድ ቤት መስመሩ ውስጥ ሲገባ የጓሮው ጉድጓድ ሥራ ፈታ፤ ክፍቱን ደግሞ መተው አይቻልም። ቤተሰቡ ምድር ቤቱን፣ ቆጡን፣ ቁም ሣጥኑን አራግፎ የማይፈልገውን ሁሉ እዚያ ደፋው፤ በላዩ አመድና አፈር ጨምሮ ተገላገለ። ስለዚህ ያው ጉድጓድ ሁለት የተለያየ ነገር ይይዛል፤ ከሥር በዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ የወደቀውን፣ ከላይ በአንድ ሰሞን የተደፋውን።

ፍለጋው በካርታ ይጀምራል። ሳንቦርን የተባለው ኩባንያ ከ1867 ጀምሮ ለእሳት መድን ድርጅቶች ሲል ወደ 12,000 የሚሆኑ ከተሞችን ቤት በቤት በካርታ አስፍሯል። የጡብ ቤት ሮዝ፣ የእንጨት ቢጫ፣ የድንጋይ ሰማያዊ ቀለም ይቀባል። ቢሮው ተቀምጦ «ይህ ቤት ቢቃጠል የጎረቤቱስ?» እያለ ለሚያሰላ ጸሐፊ የተሠራው ሥራ ዛሬ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በኩል በኢንተርኔት በነጻ ይታያል፤ ቆፋሪዎችም ሌሊቱን ሲያገላብጡት ያድራሉ። ካርታው ብዙ ጊዜ ሽንት ቤቱን ራሱን አያሳይም። የግቢውን ወሰን፣ የጓሮውን ትንንሽ ሕንጻ ግን ያሳያል። የቀረውን ልማድ ይሞላዋል፤ ሽንት ቤት ከመኖሪያው ርቆ በግቢው የኋላ ጥግ ወይም አጥር ሥር ይቆም ነበር።

ቀጥሎ ዘንጉ ይወጣል። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ቀጭን ብረት ነው፤ ከላይ ሁለት እጅ የሚይዘው አግድም እጀታ፣ ከታች ከዘንጉ ትንሽ የሚወፍር እንክብል ጫፍ አለው። ያልተነካ መሬት ዘንጉን ይገፋዋል፤ ተቆፍሮ የተሞላ መሬት ግን ይውጠዋል። አመድ ሲገኝ እንደ ደረቅ ጨው ይንኮሻኮሻል፤ ጡብ ሲመታ ክንድ ድረስ ይሰማል፤ ብርጭቆ ሲነካ ጥርስ የሚያፋጭ ቀጭን ድምፅ አለው። ዘንጉን ነቅለው ጫፉ ላይ የቀረውን አፈር በጣታቸው ፈትገው ያዩታል፣ ያሸቱታልም። አዎ፣ ያሸቱታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ጉዱ ሁሉ አፈር ሆኗል፤ የሚቀር ጠረን ካለም ትንሽ ነው። አረንጓዴ ያዘለ ጥቁርና ለስላሳ ከሆነ ፊታቸው ይበራል። ቆፍረው የግድግዳው ውስጥ በሲሚንቶ የተለሰነ ሆኖ ካገኙት ግን ይከፋቸዋል፤ ያ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነውና ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው።

ቁፋሮው ጉልበት ነው። ሣሩ በቁራጭ በቁራጭ ተነሥቶ ለብቻው ይቀመጣል፣ አፈሩ ጓሮውን እንዳያበላሽ ሸራ ላይ ይከመራል፣ ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ሲያልፍ ሦስት እግር ያለው ማማ ላይ መዘውር ታስሮ ባልዲ በገመድ ይወጣል። አንዱ ታች ይቆፍራል፣ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይበትናል። ሞትም እዚያው ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል፤ የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ሠራተኛ ከ1.5 ሜትር በላይ በጠለቀ ቦይ ውስጥ ያለ መከላከያ እንዳይሠራ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ቅዳሜን ጠብቆ ለደስታው የሚቆፍረውን ግን የሚቆጣጠረው አለቃ የለም፤ የመቶ ሃምሳ ዓመት ጡብ ተደግፎ ስምንት ሜትር የሚወርደው በራሱ ሥልጣን ነው። ይህን እንደ ጀግንነት የሚያወሩ አሉ። ለኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚያስጠላኝ ይኸው ወሬ ነው።

አሁን ጠርሙሱ ወጣ እንበል። ጭቃው በጣት ተጠርጎ መጀመሪያ የሚታየው ቂጡ ነው። መካከሉ ላይ ሻካራ፣ ክብ ጠባሳ ካለው ሠራተኛው አንገቱንና አፉን እስኪያበጅ ድረስ ጠርሙሱን በቂጡ በኩል በብረት ዘንግ ይዞት ነበር ማለት ነው፤ ሲጨርስ ዘንጉን ቀጭ አድርጎ ሲያላቅቀው ጠባሳው ይቀራል። በአሜሪካ ጠርሙስ ላይ ይህ ምልክት ካለ ሥራው በአብዛኛው ከ1860ዎቹ ወዲህ አይሆንም፤ ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን አቅፎ የሚይዝ መቆንጠጫ ተተክቶበታል። ቀጥሎ ጎኑ ይዳበሳል። ፎርማው የተጋጠመበት ቀጭን መስመር ከታች ተነሥቶ አንገት ላይ ከጠፋ አፉ በእጅ ተሠርቷል። መስመሩ ከንፈሩን አልፎ ከወጣ ማሽን የሠራው ነው፤ ኦሃዮ ይሠራ የነበረው ማይክል ኦወንስ በ1903 ገደማ ያደረሰው ራሱን ችሎ የሚሠራ ማሽን ወይም ተከታዮቹ። ያን ጊዜ ቆፋሪው ጠርሙሱን ወደ ክምሩ ይወረውረዋል፤ ለእሱ ትናንት ነው።

ቀለምም ይናገራል፣ ይዋሻልም። ከ1880ዎቹ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ብርጭቆን ለማጥራት ማንጋኒዝ ይጨመር ነበር፤ ይህ ብርጭቆ ለብዙ ዓመት ፀሐይ ሲመታው ሐምራዊ ይሆናል። የበረሃ ላይ ጠርሙሶች ያምራሉ። ከጉድጓድ የወጣው ግን ፀሐይ አላየምና ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ስለዚህ «ከሽንት ቤት ጉድጓድ ያወጣሁት ነው» ብሎ ደማቅ ሐምራዊ ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥምዎ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ሌላ ጥያቄ ይጠይቁት። መርዝ የሚይዙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሆነው ገላቸው በጎድጓዳ መስመርና በጉብጉብ የተሞላ ነው። ጨለማ ውስጥ መድኃኒት የሚፈልግ እጅ ሳያይ እንዲያውቀው ነው። ዛሬም ዓይን ጨፍነው ቢዳስሱት እጅን ያስቆማል።

ከሁሉ የሚበዛው የመድኃኒት ጠርሙስ ነው። ፒትስበርግ ላይ ይሠራ የነበረው «የሆስቴተር የሆድ መራራ» በየጉድጓዱ የሚገኝ ቡናማ አራት ማዕዘን ጠርሙስ ነው፤ ለምግብ መፈጨት ይረዳል ተብሎ ሲሸጥ ከሩብ በላዩ አልኮል ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለሰሜኑ ጦር ወታደሮች ቀርቧል። መጠጥ አልነካም ብላ የማለች ሴት በማንኪያ ስትወስደው መሐላዋ አልፈረሰም። «የወይዘሮ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ» ግን አያስቅም። ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን የተሸጠ ሲሆን ውስጡ ሞርፊን ነበር፤ ሕፃኑ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው። ትንሽ፣ ክብ፣ ጣት የሚያህል ጠርሙስ ናት፤ ብዙ ስለሆነች ዋጋዋ ዝቅተኛ ነው። በ1906 የወጣው የምግብና የመድኃኒት ሕግ አልኮል፣ ሞርፊን፣ ኮኬይን ያለበት ሁሉ በልጣፉ ላይ እንዲጻፍ እስኪያስገድድ ድረስ እናቶች ምን እንደሚያጠጡ የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። ጫማ ቀለም በመሸጥ ጀምሮ ራሱን «ዶክተር» ያለው የፊላዴልፊያው ቶማስ ዳዮት ደግሞ መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ጠርሙሱንም የሚሠራ ፋብሪካ ይዞ ነበር። የፕሬዚዳንት ዋሽንግተንና የንስር ምስል ያለባቸው የውስኪ ጠርሙሶቹ ዛሬ ሰብሳቢ የሚሻማባቸው ናቸው፤ እሱ ግን የከፈተው ባንክ በ1837ቱ የገንዘብ ቀውስ ወድቆ በማጭበርበር ታስሯል።

አርኪዮሎጂስቶች ቆፋሪዎቹን አይወዷቸውም፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። ቆፋሪው ጠርሙሱን አውጥቶ አፈሩን መልሶ ይደፋል። ለአርኪዮሎጂስቱ ግን አፈሩ ራሱ ዕቃ ነው፤ በወንፊትና በማይክሮስኮፕ ሲታይ የእንጆሪ ፍሬ፣ የዓሣ አጥንት፣ የወስፋት እንቁላል ይገኝበታል። ቤተሰቡ ምን በላ፣ ምን አመመው የሚለው እዚያ አለ። በፊላዴልፊያ የአሜሪካ አብዮት ሙዚየም ከመሠራቱ በፊት በቦታው በተደረገው ቁፋሮ ብዙዎቹ ከ12 የጡብ ጉድጓዶች የሆኑ ከ80,000 በላይ ዕቃዎችና ስብርባሪዎች ወጥተዋል። ከመካከላቸው አንድ የመጠጥ ጎድጓዳ ሳህን «ለትራይፊና ይቅናት» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ትራይፊና በ1765 የፊላዴልፊያ ነጋዴዎች የቴምብር ቀረጥ ይነሣልን ብለው ወደ ብሪታንያ የላኩትን ደብዳቤ የወሰደች መርከብ ናት። ስብርባሪው የወጣው ሜሪ ሃምፍሪስ የተባለች ሴት ያለ ፈቃድ መጠጥ ትሸጥበት ከነበረው ቤት ጉድጓድ ነው፤ በ1783 ተይዛለች። ሳህኑ ብቻውን ገበያ ላይ ቢወጣ ቆንጆ ዕቃ ከመባል አያልፍም ነበር። ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ስለተመዘገበ ነው መጠጥ ቤቱና ፖለቲካው አብረው የታዩት።

እኔ በዚህ ክርክር ለአርኪዮሎጂስቶቹ አደላለሁ። ቢሆንም ቆፋሪዎቹ የሚሉት ሙሉ በሙሉ አይጣልም። በግል ጓሮ፣ በባለቤቱ ፈቃድ መቆፈር በአብዛኛው ሕጋዊ ነው፤ የ1979ኙ የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ የሚከለክለው በፌዴራል መንግሥትና በቀደምት ሕዝቦች መሬት ላይ መቆፈርን ነው። ለፓርኪንግ ወይም ለአፓርታማ በዶዘር የሚገለበጠውን ጓሮ ማንም ዩኒቨርሲቲ መጥቶ አይቆፍረውም። በተቋም እጅ የገባም ሁሉ አይተርፍም። በ1991 ከኒው ዮርክ ፋይቭ ፖይንትስ የድሆች ሰፈር የወጡት 850,000 ገደማ ዕቃዎች በዓለም ንግድ ማዕከል ሕንጻ ቁጥር 6 ምድር ቤት ተቀምጠው ሳለ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ሕንጻው በጥቃቱ ሲወድም አብረው ጠፍተዋል። የዳኑት 18ቱ ለኤግዚቢሽን በውሰት ስለወጡ ነው።

ቀኑ ሲመሽ ድርሻ አለ። ጠርሙሶቹ ሣሩ ላይ ይደረደራሉ፤ ብዙ ቦታ በተራ መምረጥ ነው ደንቡ፣ ለባለቤቱም ድርሻው ይሰጣል። የቆፋሪዎቹ ዓይን ያረፈበትን የውስኪ ጠርሙስ ትቶ የሸክላ አሻንጉሊት ጭንቅላት የሚያነሣ ባለቤት ሲያጋጥም ሁሉም ደስተኛ ነው። ከዚያ ያ ሁሉ አፈር ተመልሶ ይገባል፣ ይረገጣል፣ ሣሩ በቦታው ይነጠፋል። የቱንም ያህል ቢረገጥ ግን ዝናብ ሲዘንብበት ይሰምጣል። ጨዋዎቹ ቆፋሪዎች ከወራት በኋላ አንድ ሁለት ጋሪ አፈር ይዘው ይመለሳሉ፤ በዚያውም የጎረቤቱን በር ያንኳኳሉ።